አፉን ያልከፈተው ሰው ስሙ ሽፋኑ ላይ ለምን ተጻፈ? የብሪታንያ አንደርግራውንድ ሂፕ ሆፕ ፕሮዲዩሰሮችና ተጋባዥ ራፐሮቻቸው

ከብሪታንያ የሚወጡ የሂፕ ሆፕ አልበሞችን መስማት የጀመረ ሰው ቶሎ ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። ሽፋኑ ላይ የአንድ ሰው ስም በትልቁ ተጽፏል። አልበሙን ከፍቶ ሲሰማ ግን ያ ሰው አንድም ቃል አይተነፍስም። በመጀመሪያው ዘፈን አንድ ራፐር ይመጣል። በሁለተኛው ሌላ። በሦስተኛው ደግሞ የአሜሪካ አነጋገር ያለው ድምፅ ይሰማል። ታዲያ አልበሙ የማን ነው?

የፕሮዲዩሰሩ ነው። ዘፈንን በዘፋኙ ስም መጥራት ለለመደ ጆሮ ይህ ቶሎ አይዋጥም። እኔ ግን ይህን ሙዚቃ የምወደው በዋናነት በዚህ አሠራሩ ነው። ማን ምን እንደሠራ፣ ማን ማንን እንደጋበዘና ማን ምን እንደተከፈለ ሲገባችሁ ያው ዘፈን ሌላ ሆኖ ይሰማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮዲዩሰር ምን የሚሠራ ሰው ነው?

በካሴት ዘመን እኛ ዘንድ ፕሮዲዩሰር ሲባል ብዙ ጊዜ ገንዘቡን አውጥቶ ሥራውን የሚያሳትመው ሰው ነበር። በሂፕ ሆፕ ግን ሙዚቃውን የሚሠራው ሰው ነው። ለአቀናባሪ ይቀርባል። ሆኖም አቀናባሪ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ግጥምና ዜማ ከመጣለት በኋላ ነው። የሂፕ ሆፕ ፕሮዲዩሰር ቀድሞ ይነሳል። ከበሮውን፣ ባሱን፣ የሚመላለሰውን ዜማ መርጦ አንድ ላይ ያስረዋል። ገና ማንም ራፕ ያላደረገበት ይህ ሙዚቃ ቢት ይባላል። ግጥሙ የሚጻፈው ቢቱን ሰምቶ ነው።

ቢት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከድሮ ሸክላ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ከአንድ የጃዝ፣ የሶል ወይም የፊልም ሙዚቃ ሸክላ ላይ አንዲት ቁራጭ ይወስዳል። ምናልባት ሁለት ሰከንድ የማትሞላ የፒያኖ ድምፅ ትሆናለች። ያቺ ቁራጭ ሳምፕል ትባላለች። ይቆራርጣታል፣ ያዘገያታል፣ ከኋላ ወደፊት ያጫውታታል፣ ከሌላ ሸክላ በመጣ ከበሮ ላይ ያስቀምጣታል። ሲጨርስ ዋናው ዘፈን ማን እንደነበር ለማወቅ የሚቸገሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሚሠራበት ማሽንም በድምፁ ላይ እጁ አለበት። በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 የተባለው ማሽን በጠቅላላው መያዝ የሚችለው 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። ፕሮዲዩሰሮቹ ዘዴ አመጡ። በደቂቃ 33 ዙር መጫወት ያለበትን ሸክላ በ45 ዙር አፍጥነው ይቀዱታል። ሲፈጥን አጭር ስለሚሆን ትንሽ ቦታ ይይዛል። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። በዚህ መሃል ድምፁ ይሻክራል፤ አቧራ የጠጣ ይመስላል። ዛሬ ብዙዎቻችን የዚህ ሙዚቃ ለዛ የምንለው ያ ሻካራነት ከቦታ እጥረት የመጣ ነው። በቀጣዩ ዓመት አካይ ኩባንያ ኤምፒሲ 60ን አወጣ። ይኼኛው በጣት የሚመቱ 16 ካሬ መምቻዎች ነበሩት። የዚህ ማሽን ዝርያዎች እስካሁን በየመኝታ ቤቱ ሥራ ላይ ናቸው።

ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ሸክላ የሚገኝባቸው ቦታዎች የራሳቸው መልክ አላቸው። በየከተማው ያገለገለ ዕቃ ሸጠው ገቢውን ለበጎ አድራጎት የሚያውሉ ሱቆች አሉ። ሰዎች የቤት ዕቃቸውን መኪናቸው ኋላ ዘርግተው የሚሸጡባቸው ገበያዎችም አሉ። በተለይ የሚፈለገው ኬፒኤም እና ዲ ዎልፍን የመሰሉ የለንደን ድርጅቶች ለቴሌቪዥንና ለፊልም ማጀቢያ ያሠሩት ሙዚቃ ነው። እነዚህ ሸክላዎች ለሕዝብ የሚሸጡ አልነበሩም። የሚላኩት ለጣቢያዎችና ለፊልም ሠሪዎች ነበር። እነሱ ሲጥሏቸው ለፕሮዲዩሰሮች ሲሳይ ሆኑ። በአንዳንድ የብሪታንያ ቢቶች ላይ የድሮ የወንጀል ድራማ ስሜት የሚሰማችሁ ለዚህ ነው።

አንደርግራውንድ የተባለው ስለተደበቀ ነው?

አይደለም። ትላልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች የማያሳትሙት፣ ሬዲዮ በቀን ፕሮግራሙ የማያጫውተው ማለት ነው። ሸክላው በጥቂት መቶ ቅጂ ይታተማል። የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ይገዛዋል።

ለዚህ ታሪካዊ ምክንያት አለው። ብሪታንያ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ራፕ ሲያደርጉ አነጋገራቸውን ወደ አሜሪካ ይወስዱት ነበር። በ1990 አልበማቸውን ያወጡት ላንደን ፖሲ የተባሉት ራፐሮች በራሳቸው የለንደን አነጋገር፣ ከጃማይካ ዘዬ ጋር አደባልቀው ካወሩት ቀዳሚዎች ናቸው። ያ ድምፅ ለሰፈሩ ልጅ ልብ የሚያሞቅ ነበር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ብዙም አልተከተሉትም።

ስለዚህ ሰዎቹ ራሳቸው አሳታሚ ሆኑ። ብሬንታክስ የተባለው ራፐር ሎው ላይፍን አቋቋመ። በ1997 ኒንጃ ቲዩን በተባለ አሳታሚ ጥላ ሥር ቢግ ዳዳ ተጀመረ፤ ራፐሩን ሩትስ ማኑቫን ሰው ያወቀው በዚህ አሳታሚ በኩል ነው። በ2010 ደግሞ ራፐሩ ፍሊፕትሪክስ ሃይ ፎከስን መሠረተ። ኢራን የተወለደው አርመናዊው ራፐር ብሌድ ያደረገው ከሁሉም ይገርመኛል። ከአድማጮቹ ገንዘብ በቅድሚያ ሰብስቦ በ1993 አልበሙን አሳተመ። በኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰብ ገና ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ይኸው ብሌድ ከፕሮዲዩሰሩ ማርክ ቢ ጋር በሠራው ዘፈን በ2001 የብሪታንያ 40 ምርጥ ሽያጮች ዝርዝር ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ለጥቂቶች ብቻ የደረሰ ነው።

ከግራይም ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ግራይም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከምሥራቅ ለንደን የወጣ፣ ከዳንስ ሙዚቃ የተወለደ ሌላ ዘር ነው። በደቂቃ 140 ምት ገደማ ይሮጣል። እዚህ የምናወራው ሂፕ ሆፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 95 ምት ላይ ነው የሚራመደው።

ታዲያ እንግዳ መጋበዝ ለምን አስፈለገ?

ፕሮዲዩሰሩን እንደ ደጋሽ አስቡት። ዳሱን የጣለው፣ ወጡን የሠራው፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የወሰነው እሱ ነው። እንግዶቹ ጨዋታውን ይዘው ይመጣሉ። ድግሱ የሚጠራው ግን በደጋሹ ስም ነው።

የዚህ ሙዚቃ አድማጭ በቁጥር ትንሽ ነው፤ ደግሞም ለንደን፣ ሊድስ፣ ማንችስተር፣ ብሪስቶልና ብራይተን ተበታትኖ ነው ያለው። የማንችስተር ፕሮዲዩሰር የለንደን ራፐር ሲጋብዝ የለንደኑ አድማጭ አብሮ ይመጣለታል። ራፐሩም ይጠቀማል። ሙሉ አልበም የመሥራት ሸክም ሳይኖርበት ጥሩ ቢት ያገኛል፤ በማያውቁት ሰዎች ጆሮ ይገባል። ገንዘብ በሌለበት ሰፈር ይህ ልውውጥ ራሱ ገንዘብ ነው። አንተ ለእኔ አንድ ቨርስ፣ እኔ ላንተ አንድ ቢት ይባባላሉ። ብዙ ሥራ የተሠራው እንዲህ ነው።

ቨርስ ማለት ራፐሩ በዘፈኑ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ነው። የተለመደው 16 ባር ነው፤ አንዱ ባር አራት ምት ይይዛል። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት ላይ ሲሰላ 43 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ተጋባዡ ማንነቱን፣ ችሎታውንና የዘፈኑን ሐሳብ በዚህች ጊዜ ውስጥ ማሳየት አለበት። በራሱ አልበም ላይ ዘና ብሎ የሚያወራ ራፐር በሰው ቢት ላይ የሚሳለው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥሩ ምሳሌ ዲጄ ስኪትዝ በ2001 ያወጣው ካንትሪማን የተባለው አልበም ነው። ስኪትዝ ራፐር አይደለም። ግን የዘመኑን የብሪታንያ ድምፆች አንድ ቤት ውስጥ ሰበሰበ። ከላንደን ፖሲ የመጣው ሮድኒ ፒ አለ፤ ሩትስ ማኑቫ አለ። በአንዱ ዘፈን ላይ ሦስት ሴት ራፐሮች ተሰልፈዋል፤ አንዷ ያኔ ገና ብዙ ሰው የማያውቃት ኤስቴል ነበረች። በ2008 ኤስቴል ከካንዬ ዌስት ጋር በሠራችው ዘፈን የብሪታንያን ሽያጭ ዝርዝር አንደኛ ሆና መራች። እዚያ ለመድረስ የሰው አልበም ላይ በተጋባዥነት ማለፍ የመንገዱ አካል ነበር። የፕሮዲዩሰር አልበም ለአዲስ ድምፅ የመጀመሪያ በር የሚሆነው እንዲህ ነው።

ከለንደን ሆኖ የአሜሪካ ራፐር መጋበዝ እንዴት ይቻላል?

የለንደኖቹ ጄክ ዌሪና ኦሊ ቲባ ዘ ሄርባላይዘር በሚል ስም ይሠራሉ። በ1990ዎቹ ከኒው ዮርክ የጋበዟት ራፐር ያኔ ዋት ዋት ትባል ነበር። በኋላ ጂን ግሬይ በሚል ስም በአሜሪካ የአንደርግራውንድ ራፕ ከሚከበሩት አንዷ ሆነች። (የደቡብ አፍሪካዊው ፒያኒስት አብዱላ ኢብራሂም ልጅ ናት።) አንድ ጊዜ ጋብዘው አልተዋትም፤ በ1997ቱም በ1999ኙም አልበማቸው ላይ አለች። በ2002 አልበማቸው ደግሞ ኤምኤፍ ዱምን አመጡ። ጭንብል ለብሶ የሚጫወተው ዱም ዛሬ ያለው ዝና ያኔ አልነበረውም። ጥሩ ፕሮዲዩሰር የሚታወቀው በጆሮው ነው፤ ሰውየውን ሕዝቡ ሳያውቀው ያውቀዋል።

የዱም ታሪክ ውስጥ በስደት ለሚኖር አንባቢ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። በ1971 ለንደን ተወለደ፤ ያደገው ግን አሜሪካ ነው። የአሜሪካ ዜግነት አልያዘም። በ2010 አውሮፓ ሥራውን አቅርቦ ሊመለስ ሲል እንዳይገባ ተከለከለ። በወረቀት ጉዳይ የተነሳ የቀረ ሕይወቱን እንግሊዝ ኖረ፤ በ2020 እዚያው አረፈ። ራፐር እንደ ድምፁ በቀላሉ ድንበር አይሻገርም።

ድምፅ ግን ይሻገራል። በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የምጠቅሰው የደቡብ ለንደኑን ፖል ዋይትን ነው። ፖል ዋይት በ2011 ባወጣው አልበም ላይ የዲትሮይቶቹን ጊልቲ ሲምፕሰንንና ዳኒ ብራውንን፣ የኒው ዮርኩን ሆምቦይ ሳንድማንን ጋበዘ። ዳኒ ብራውን በዚያው ዓመት ስሙን ባስጠራለት በራሱ አልበም ላይ የፖል ዋይትን ቢቶች ተጠቀመ። በ2016 ደግሞ አትሮሲቲ ኤግዚቢሽን የተባለውን አልበሙን በዋርፕ በኩል ሲያወጣ አብዛኛውን ሙዚቃ የሠራለት ይኸው ሰው ነበር። በ1989 ሼፊልድ ውስጥ የተመሠረተው ዋርፕ በዋነኝነት የሚታወቀው በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። የዲትሮይት ራፐር፣ የለንደን ፕሮዲዩሰር፣ ከሼፊልድ የተነሳ አሳታሚ። የተጀመረው በተጋባዥ ቨርስ ነው፤ ያደገው የአንድ አልበም ዋና ምሰሶ እስከመሆን ነው።

መንገዱ በሌላ በኩልም ይሠራል። ፎር አውልስ የተባሉት አራት የብሪታንያ ራፐሮች በ2015 አልበማቸው ላይ አንዱን ቢት ያሠሩት ታላቁን የኒው ዮርክ ፕሮዲዩሰር ዲጄ ፕሪሚየርን ነው። ያኔ ተጋባዡ ፕሮዲዩሰሩ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ዘፈን ከጥሪው እስከ ሸክላው እንዴት ይሄዳል?

ፕሮዲዩሰሩ አንድ ቢት ብቻ አይልክም። የተወሰኑ ቢቶችን አንድ ላይ አድርጎ ይልካል። ራፐሩ ይመርጣል። ምርጫው ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ፕሮዲዩሰሩ ዋናዬ ያለውን ትቶ ከመጨረሻ ያስቀመጠውን ሊያነሳ ይችላል። ከዚያ ይጽፋል። ቤቱ ወይም በአቅራቢያው ባለ ስቱዲዮ ይቀዳል። የሚልከው ድምፁን ብቻ ነው፤ ይህ ሙዚቃ የሌለው ባዶ ድምፅ አካፔላ ይባላል። ሁለቱ ሰዎች በአካል ሳይተያዩ ዘፈን ያልቃል። ኢንተርኔቱ ፈጣን ባልነበረበት ጊዜ ቴፕ በፖስታ ይላክ ነበር። ወይም አሜሪካዊው ራፐር ለሥራ ለንደን ሲመጣ በማግስቱ ስቱዲዮ ይወሰዳል።

ብዙ ሰው ድምፁ ሲመጣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የፕሮዲዩሰሩ ሁለተኛ ሥራ ገና የሚጀምረው ያኔ ነው። ራፐሩ ጠንካራ ስንኝ የሚያስገባበት ቦታ ላይ ከበሮውን ያነሳል፤ ቃሉ ብቻውን ይሰማል። ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ ላይ ትንሽ ዜማ ይሰካል። አንዳንዴ መጀመሪያ የላከውን ቢት ሙሉ በሙሉ ጥሎ፣ ግጥሙን ሰምቶ አዲስ ይሠራል። ራፐሩ የራሱን ቨርስ በማያውቀው ሙዚቃ ላይ ሊሰማ ይችላል። አልበሙ የፕሮዲዩሰሩ ነው የሚያሰኘውም ይህ ነው፤ የመጨረሻው ውሳኔ እሱ ጋ ነው።

በሸክላ ዘመን ነጠላ ዘፈን ሲወጣ ሦስት ነገር ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነበር። ሙሉው ዘፈን፣ ቢቱ ለብቻው፣ አካፔላው ለብቻው። ስለዚህ ሌላ ፕሮዲዩሰር አካፔላውን ወስዶ በራሱ ቢት ላይ ያስቀምጠዋል።

ገንዘቡ ለማን ይደርሳል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ወዳጅነት የሚበላሸው። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንደኛው የድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ሙዚቃው። ሁለተኛው የቀረጻው ነው፤ ያ የተቀዳው ድምፅ ራሱ። ብሪታንያ ውስጥ የድርሰቱን ገቢ የሚሰበስበው በ1914 የተቋቋመው ፒአርኤስ ነው። የቀረጻውን ከሬዲዮና ከሕዝብ መዝናኛ ቦታዎች የሚሰበስበው ደግሞ በ1934 የተቋቋመው ፒፒኤል ነው።

በሂፕ ሆፕ ልማድ ድርሰቱ እኩል ይከፈላል፤ ግማሹ ለቢቱ፣ ግማሹ ለግጥሙ። ሁለት ራፐሮች ካሉ የግጥሙን ግማሽ ይካፈላሉ። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ መስማማት ያስፈልጋል። የቀረጻው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮዲዩሰሩ ወይም አሳታሚው ነው። ተጋባዡ ግን ከፒፒኤል የተጫዋችነት ድርሻ ይገባዋል። የሚያገኘው በዘፈኑ ላይ መሳተፉ ከተመዘገበ ነው። ስሙ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ መዝገቡ ላይ ካልገባ ገንዘቡ አይደርሰውም። በወዳጅነት የተሠራ ሥራ ላይ ወረቀት መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ዘፈኑ ከዓመታት በኋላ ድንገት ለማስታወቂያ ሲፈለግ ግን ያ ያልተጻፈ ወረቀት ይጸጽታል።

ከኦንላይን የሚገኘው ትንሽ ነው። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን የቀረጻ ክፍያ አይከፍልም። ሙዚቀኛ ሥራውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጥበትን ባንድካምፕ የተባለ ድረ ገጽ አንደርግራውንዱ የሚወደው ለዚህ ነው። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላና ከቲሸርት 10 በመቶ ይወስዳል፤ ከክፍያ ወጪ የተረፈው ለሙዚቀኛው ነው። ጥቂት መቶ ሸክላ የሚገዙ ታማኝ አድማጮች ያሉት ፕሮዲዩሰር በብዙ ሺህ ከሚቆጠር ማዳመጥ የበለጠ ያገኛል።

ሳምፕሉስ? ከጥቂት ሰከንድ በታች ከሆነ ነፃ አይደለም?

አይደለም። ይህ በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። ሕጉ ይህን ያህል ሰከንድ ነፃ ነው የሚል ነገር የለውም። ክራፍትወርክ ከተባለው የጀርመን ባንድ የ1977 ሥራ ላይ የተወሰደች ሁለት ሰከንድ ያህል ምት ከሃያ ዓመት በላይ በፍርድ ቤት አሟገተች። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2019 በሰጠው ውሳኔ ያለ ፈቃድ መውሰድ እንደማይቻል፣ ነገር ግን በጆሮ እስከማይለይ ድረስ የተቀየረ ከሆነ ነገሩ የተለየ እንደሆነ ተናገረ። ፈቃድ ሲጠየቅም ከሁለቱም ወገን ነው፤ ከድርሰቱም ከቀረጻውም ባለቤት። ትንሽ አሳታሚ ይህን ሁሉ መክፈል ስለማይችል ብዙዎች ሳምፕሉን እስከማይታወቅ ያፈርሱታል ወይም ሙዚቀኛ ጠርተው አዲስ ያስጫውታሉ።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። የሙላቱ አስታጥቄ የግሌ ትዝታ በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በጋራ በሠሩት ዘፈን ላይ በሳምፕልነት ዓለምን ዞሯል። ወጣት ሳለ ዌልስና ለንደን የተማረው ሙላቱ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ2009፣ በሌላ መንገድ ተመልሶ ነበር። ዘ ሄሊዮሴንትሪክስ የተባለው የለንደን ባንድ ከድሮ ሸክላው ቁራጭ ከመውሰድ ይልቅ ሰውየውን ራሱን ጋብዞ ሙሉ አልበም አብሮት ሠራ። ስሙም ከባንዱ ስም ጋር ሽፋኑ ላይ ወጣ። ለእኔ ከሁለቱ ይሄኛው መንገድ ይበልጥብኛል።

መስማት ለሚፈልግ ከየት ይጀመር?

የብሪታንያን ድምፆች አንድ ቦታ ለማግኘት የስኪትዝን ካንትሪማን አስቀድሙ። አዲሱን ትውልድ ለማወቅ የማንችስተሩ ፒች 92 በ2019 በሃይ ፎከስ በኩል ያወጣውን አልበም ስሙ፤ እሱም ራሱ ራፕ ሳያደርግ እንግዶችን የሰበሰበበት ነው። ከዚያ ወደ ፖል ዋይት እለፉ። የሚቻል ከሆነ አንዱን ዘፈን መጀመሪያ ያለ ራፐሩ፣ ቢቱን ብቻ ስሙት። ቀጥሎ ከነራፐሩ። ከበሮው የት ላይ እንደጠፋና ለማን ሲባል እንደጠፋ ትሰማላችሁ።